«አሸነፍን» የሚለው ግሥ ባለቤቱ ማን ነው?

ሰው ባላረሰው እርሻ፣ ባልዘራው ዘር፣ ባላጨደው አዝመራ «መከር አገባን» ብሎ ቢናገር ሰሚው ወይ ይስቅበታል፣ ወይ ወደ ዳኛ ይወስደዋል። ኳስ የሚወድ ሰው ግን ኳሱን ሳይነካ፣ በሜዳው ሳይቆም፣ ከተጫዋቾቹ አንዱን እንኳ ፊት ለፊት ሳያይ «አሸነፍን» ይላል፤ የሚስቅበትም የሚከሰውም የለም። ነገሩ በየሳምንቱ ስለሚሰማ ጆሮ ለመደው እንጂ ሲመረምሩት ቀላል አይደለም። በሰዋስው ሕግ ግሥ ሁሉ ባለቤት አለው፤ ባለቤቱም ድርጊቱን የፈጸመው ነው። በ«አሸነፍን» መጨረሻ ላይ ያለችው «ን» አድራጊዎቹ ብዙዎች መሆናቸውን፣ ተናጋሪውም ከእነርሱ አንዱ መሆኑን ትመሰክራለች። እንግዲህ ይህች ምስክር የምትናገረው እውነት ነውን ወይስ ሐሰት? ሐሰት እንደ ሆነ፣ እጅግ ብዙ ሰዎች በየሳምንቱ ሳያፍሩ ይዋሻሉ ማለት ነው። እውነት እንደ ሆነ ደግሞ፣ ያላደረገ ሰው አድራጊ ሊባል የሚችለው በምን ምክንያት እንደ ሆነ ማስረዳት ይገባል።

ይህን ለመመርመር ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ፣ በአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ ያለችው ቱሉ ዲምቱ መልካም ስፍራ ናት። ስሟ በኦሮምኛ «ቀይ ኮረብታ» ማለት ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2014 የተከፈተው የአዲስ አበባና የአዳማ የክፍያ መንገድ የሚነሣው ከዚያ ነው። በዚያ በተሠሩት የጋራ መኖሪያ ቤቶች የሚኖረው ሕዝብ በአንድ ሰፈር ተወልዶ ያደገ አይደለም። አንዱ ከአራት ኪሎ፣ አንዱ ከልደታ፣ አንዱ ከመርካቶ፣ አንዱም ከክፍለ ሀገር መጥቶ በአንድ ደረጃ የሚወጣና የሚወርድ ሆኗል። ቤቱ የተሰጠው በዕጣ ስለ ሆነ ጎረቤቱንም የመረጠለት ዕጣ ነው። ከዚህም በላይ ብዙው ነዋሪ ቤቱን ከባለ ዕጣው የተከራየ ስለ ሆነ ማን ባለቤት፣ ማን ተከራይ እንደ ሆነ መጠየቅ በዚያ ስፍራ የዘወትር ነገር ነው።

ቅዳሜና እሑድ ከቀትር በኋላ በዚያ ሰፈር የዲኤስቲቪ ቤቶች አግዳሚ ወንበር ይሞላል። የእንግሊዝ አገር ውድድር ከነሐሴ እስከ ግንቦት ይዘልቃል፤ ሃያ ክለቦች እያንዳንዳቸው 38 ጊዜ ይጋጠማሉ፤ ሲደመርም 380 ጨዋታ ይሆናል። ተመልካቹ ከጨዋታው በኋላ ወደ ቤቱ አይቸኩልም። በጀበና ቡና ዙሪያ ተቀምጦ ወይም በብሎኩ በር ቆሞ ያየውን እንደገና ይጫወተዋል። ዳኛው ፍጹም ቅጣት ምት መስጠት ይገባው ነበረን? አሠልጣኙ አጥቂውን ስለ ምን ቀየረው? ባለፈው ዓመት ስንት ነጥብ ነበረን? በዚህ ክርክር ወጣቱ ሽማግሌውን «ጋሼ፣ የእርስዎ ቡድን እኮ ከሠንጠረዡ ግርጌ ሊደርስ ነው» ሲል፣ ሽማግሌውም «አንተ ልጅ፣ እኛ ዋንጫ ስንወስድ አንተ አልተወለድህም» ብሎ ይመልሳል። ሁለቱም «እኛ» ይላሉ፤ ከሁለቱ አንዱም ለንደንን ወይም ማንቸስተርን በዓይኑ አላየም።

ጥብቅ የሆነ ፈራጅ በዚህ ጊዜ ክሱን ያቀርባል። አንደኛ፣ አድራጊዎቹ ሜዳ ላይ የነበሩት ናቸው፤ የተቀረው ተመልካች ነው፤ ተመልካችም ባየው ነገር አድራጊ አይሆንም። ሁለተኛ፣ ክለቡ ደጋፊውን አያውቀውም፤ ፍቅር ደግሞ ከሁለት ወገን ሲሆን ነው። ሦስተኛ፣ ደጋፊ የሌላውን ክብር ለብሶ መታየት ስለሚወድ ነው እንጂ ስለ እውነት «እኛ» አይልም።

ይህ ሦስተኛው ክስ በምርመራ የተፈተነ ነው። ሮበርት ቻልዲኒ የተባለ የሥነ ልቡና ሊቅ ከባልንጀሮቹ ጋር ሆኖ በ1973 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በአሜሪካ በሰባት ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪዎችን መረመረ። በአሜሪካ «ፉትቦል» የሚሉት ጨዋታ እንቁላል የመሰለ ሞላላ ኳስ በእጅ ይዘው የሚሮጡበትና የሚወረውሩበት ነው። የትምህርት ቤታቸው ቡድን ባሸነፈ ጊዜ በማግሥቱ ሰኞ የትምህርት ቤቱን ስምና ምልክት የያዘ ልብስ የሚለብሱት ተማሪዎች በዙ። ከዚህም የሚበልጥ ነገር ተገኘ፤ ስለ ጨዋታው ሲጠየቁ፣ ድል የሆነ እንደ ሆነ «እኛ» የሚለውን ቃል ያበዙት ነበር፤ ሽንፈት የሆነ እንደ ሆነ ግን ይህ ቃል ከአፋቸው ያንስ ነበር። ጥናቱ በ1976 ታትሞ ወጣ። ይህ በአማርኛም ይታወቃል። ባሸነፉ ቀን «አሸነፍን» የሚል ሰው በተሸነፉ ቀን «ተሸነፉ» ይላል፤ ከ«ን» ወደ «ፉ» የምትደረገው ይህች የአንዲት ፊደል ሽግግር የሰውን ልብ ታሳያለች።

ዳሩ ግን ክሱ ይህን ያህል ቢጠነክርም ፍርዱ ገና አልተቈረጠም። ተናጋሪው ያልነበረበትን ነገር «አደረግን» ማለት ሁሉ ሐሰት ከሆነ፣ በኢትዮጵያ ሕዝብ አፍ ያሉ ብዙ ክቡራን ቃላት ሐሰት ይሆናሉ። በየካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በአድዋ ተራራ ከዋሉት ዛሬ አንድም በሕይወት የለም፤ የዛሬው ትውልድ ግን «በአድዋ ድል አደረግን» ይላል። በጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ስታዲየም ኢትዮጵያ የተባበረችውን የዐረብ ሪፐብሊክ፣ ማለት ግብፅን፣ በተጨመረው ሰዓት 4 ለ 2 ረትታ የአፍሪካን ዋንጫ ወሰደች። ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ የተቀበለው የቡድኑ አለቃ ሉቺያኖ ቫሳሎ ነበረ፤ ያሠለጠነውም ይድነቃቸው ተሰማ ነው። ከዚያ ወዲህ የተወለደ ሰው «አንድ ጊዜ ዋንጫ ወስደናል» ሲል ማንም ሐሰተኛ ብሎት አያውቅም። በሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም. ደግሞ ብሔራዊው ቡድን ግብፅን 2 ለ 0 ሲያሸንፍ፣ በአገር ውስጥ ያሉት ሜዳዎች መስፈርቱን አላሟሉም ስለ ተባለ ባለ ሜዳ የሆነው በማላዊ አገር፣ በሊሎንግዌ ከተማ ነበረ። በሜዳው ኢትዮጵያዊ ተመልካች ጥቂት ነበረ፤ በአዲስ አበባ ግን «አሸነፍን» ያላለ ጥቂት ነው።

ስለዚህ «እኛ» የሚለው ቃል አንድ ትርጓሜ ብቻ የለውም። አንዳንድ ጊዜ አድራጊን ያመለክታል፤ አንዳንድ ጊዜ ወራሽን ያመለክታል፤ አንዳንድ ጊዜም ወገን ሆኖ የቆመውን ያመለክታል። ይህን የሚያስረዳ ምሳሌ በዚያው በቱሉ ዲምቱ ይገኛል። ተከራይ የሚኖርበትን ቤት «ቤቴ» ይላል። ካርታው በስሙ አይደለም፤ ሊሸጠው፣ ሊያወርሰው አይችልም። ነገር ግን «ቤቴ ና» ብሎ እንግዳ ሲጠራ «ዋሸህ፤ ቤቱ የእገሌ ነው» የሚለው የለም። ስለ ምን? በየወሩ ኪራዩን ይከፍላላ! ጣሪያው ሲያፈስ የሚረጥበው እርሱ ነው፤ ውኃ ሲጠፋ ጀሪካን የሚሸከመው እርሱ ነው። የቤቱን መከራ ስለ ተካፈለ በቤቱ ስም መጠራት ይገባዋል። እንደዚሁም ደጋፊ «አሸነፍን» በሚለው ግሥ ውስጥ ባለቤት አይደለም፤ ተከራይ ነው። ኪራዩም የሽንፈት ቀን ኀዘን ነው። ኪራዩን የከፈለ «እኛ» ቢል እውነት ይናገራል፤ በግብዣ ቀን ብቻ ገብቶ በልቶ የሚወጣ ግን እንግዳ እንኳ አይባልም፤ ሳይጠሩት የመጣ ነው።

ይህ ሚዛን ከተያዘ ብዙ ነገር ይገለጣል። የአርሰናል ወገን የሆኑት ሰዎች በ2004 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ቡድናቸው 38 ጨዋታ አድርጎ 26 ሲያሸንፍ፣ 12 አቻ ሲወጣ፣ አንድም ሳይሸነፍ ዋንጫውን ሲወስድ አዩ። ከዚያ በኋላ እስከ 2025 በተደረጉት 21 የሊግ ውድድሮች አንድ ጊዜ እንኳ ያንን ዋንጫ አላነሡም፤ በ2005፣ በ2016፣ በ2023፣ በ2024 እና በ2025 ሁለተኛ ሆነው ጨረሱ። በ2024 ከአንደኛው የለያቸው ሁለት ነጥብ ነበረ፤ 91 ለ 89። በእነዚያ ዓመታት በቱሉ ዲምቱ ቀይና ነጭ ማሊያ ለብሶ የታየ ሰው ክብር ፍለጋ ነው ቢባል አያሳምንም፤ ክብር የሚፈልግ ሰው ሌላ ማሊያ ባጣ ነበርን? የማንቸስተር ዩናይትድም ወገን እንዲሁ ነው። በ1999 በባርሴሎና ሜዳ በባከነው ሰዓት ሁለት ግብ አግብቶ ሙኒክን ሲረታ የዘለለው ሰው፣ በ2025 ያው ክለብ በ42 ነጥብ አሥራ አምስተኛ ሆኖ ሲጨርስ አሁንም «እኛ» ካለ፣ ኪራዩን እስከ ሳንቲሙ ከፍሏል።

በአሜሪካም የዚህ ነገር ታላቅ ምሳሌ አለ። የቡፋሎ ከተማ ቡድን ከ1991 እስከ 1994 በተከታታይ አራት ዓመት ለመጨረሻው ግጥሚያ ደርሶ አራቱንም ተሸነፈ። በመጀመሪያው፣ በጥር ወር 1991፣ ስምንት ሴኮንድ ሲቀረው ስኮት ኖርውድ የተባለው ተጫዋች የመታት ኳስ ወደ ቀኝ ስታ ሄደች፤ ቡድኑም በአንድ ነጥብ፣ 20 ለ 19፣ ተረታ። በማግሥቱ በሺህ የሚቈጠር የከተማው ሕዝብ በአደባባይ ተሰብስቦ ቡድኑን ሲቀበል፣ አስቀድሞ ስሙን እየጠራ ወደ መድረክ እንዲወጣ የለመነው ያንን ኳስ የሳተውን ሰው ነበረ። «ሳተ» ሊባል የሚገባውን ግሥ ሕዝቡ «ሳትን» ብሎ ተካፈለው። የግሪን ቤይ ከተማ ደግሞ ከዚህ አልፋ ሄዳለች። አንድ መቶ ሺህ ያህል ሕዝብ ያላት ይህች ትንሽ ከተማ ክለቧን ከ1923 ጀምሮ በአክሲዮን ይዛዋለች፤ ባለ አክሲዮኖቹ ዛሬ ከአምስት መቶ ሺህ በላይ ናቸው፤ ትርፍ ግን አይከፈላቸውም። በዚያ ከተማ «እኛ» የሚለው ቃል ኪራይ መሆኑ ቀርቶ ወደ ባለቤትነት ቀርቧል።

እስከዚህ ድረስ ነገሩ ለደጋፊው የሚመች ይመስላል። ነገር ግን ከሐሰት ክስ ነፃ መውጣት ከበደል ክስ ነፃ መውጣት አይደለም። ኪራዩን የከፈለ ተከራይ ቤቱን የሌባ መሸሸጊያ ቢያደርገው በመክፈሉ አይድንም። እውነተኛ የሆነ «እኛ» ደግሞ ከሐሰተኛው ይልቅ አደገኛ ሊሆን ይችላል፤ «እኛ» ባለበት ሁሉ «እነርሱ» ይከተላልና።

የጥንቱ ዓለም ይህን በደም አይቶታል። በቍስጥንጥንያ የፈረስና የሠረገላ እሽቅድምድም ወዳጆች ሰማያዊና አረንጓዴ ተባብለው ይከፈሉ ነበር። ዮሐንስ አፈወርቅ በ399 ሕዝቡ በስቅለት ዓርብ ወደ እሽቅድምድም፣ በማግሥቱም ወደ ቲያትር መሄዱን ሰምቶ ብርቱ ተግሣጽ ሰብኮበታል። ከመቶ ሠላሳ ዓመት በኋላ፣ በጥር ወር 532፣ በዩስጢንያኖስ መንግሥት ሁለቱ ወገኖች ተባብረው በንጉሡ ላይ ተነሡ፤ የሜዳው ጩኸት «ድል አድርግ» የአመፅ ጩኸት ሆነ፤ የከተማው ብዙ ክፍል ከታላቁ ቤተ ክርስቲያን ጋር ተቃጠለ፤ በእሽቅድምድሙ አደባባይ ላይ ሠላሳ ሺህ ያህል ሰው እንዳለቀ የዘመኑ ታሪክ ጸሐፊ ይናገራል። ይህ የሩቅ ዘመን ነው የሚል ቢኖር፣ በየካቲት 1 ቀን 2012 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በግብፅ በፖርት ሳይድ ከአንድ የሊግ ጨዋታ በኋላ ከሰባ በላይ ሰዎች በሜዳው ውስጥ መሞታቸውን ያስታውስ።

በእነዚህ ሁሉ ቀለሙና ማሊያው ሰውን አልገደለም። ቂሙ ከሌላ ስፍራ መጥቶ በማሊያው ውስጥ ተሸሸገ። በቅኔ ሰሙ ወርቁን ይሸፍነዋል፤ አስተዋይ ሰሚም ሰሙን አልፎ ወርቁን ይፈልጋል። የኳስ ወገንተኝነትም እንዲሁ ነው። ሰሙ የክለብ ስም ሆኖ ወርቁ የጎረቤት ጥላቻ ከሆነ፣ ያ ጨዋታ መሆኑ ቀርቷል። በ2010 እና በ2011 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ፕሪምየር ሊግ በአማራና በትግራይ ክልል ክለቦች መካከል የሚደረጉ አንዳንድ ጨዋታዎች ስለ ጸጥታ ሲባል ከባለ ሜዳው ከተማ ወጥተው በሌላ ከተማ እንዲደረጉ ሆነ። በ2013 ዓ.ም. ጦርነት ሆነ። ጦርነቱን ኳስ አላመጣውም፤ እንዲህ የሚል ሰው ስለ ታሪክ አያውቅም። ነገር ግን ሐኪም የበሽተኛውን ትኵሳት በብብቱ በያዘው ቴርሞሜትር እንደሚያውቅ፣ የአገሩም ትኵሳት አስቀድሞ በሜዳው ጩኸት ሊታወቅ ይችል ነበር።

ከዚህ የተነሣ በቱሉ ዲምቱ ስለሚደረገው ክርክር ያልታሰበ ነገር ይታያል። የጥብቁ ፈራጅ ትልቁ ነቀፌታ «ክለቡ የሩቅ አገር ነው፤ ከእናንተ ጋር ምን አለው?» የሚል ነበር። ነገር ግን ይህ ርቀት ራሱ መድኃኒት ሊሆን ይችላል። አርሰናል የኦሮሞም፣ የአማራም፣ የትግሬም፣ የጉራጌም፣ የወላይታም አይደለም። ሊቨርፑል የማንም አባት ርስት አይደለም። ስለዚህ በእነርሱ ስም የሚከራከር ሰው በዘሩ ሳይጠራ፣ በሃይማኖቱ ሳይጠረጠር ከማያውቀው ጎረቤት ጋር ብርቱ ሙግት ሊገጥም ይችላል። በዕጣ የተገናኙ ሰዎች በምን ይጀምሩ? ስለ መንግሥት እንዳይናገሩ ይፈራራሉ፤ ስለ ትውልድ አገር እንዳይጠይቁ ይጠነቀቃሉ። «ትናንት ጨዋታውን አየኸው?» ማለት ግን የተዘጋ በር ይከፍታል። በዕድር ሳይተዋወቁ በኳስ የተዋወቁ፣ ኋላም በዕድር የተገናኙ ብዙዎች ናቸው።

ክርክሩም ራሱ ያለ ጥቅም አይደለም። በድሮ ዘመን የኢትዮጵያ ሕዝብ በዛፍ ጥላ ሥር በላ ልበልሃ ሲባባሉ ለመስማት ሥራውን አቋርጦ ይቆም ነበር። ተሟጋቹ ነጠላውን አመቻችቶ፣ ዘንጉን እየወዘወዘ፣ በምሳሌ እያሳመረ ይናገራል፤ ሰሚውም ማን በነገር እንደ ረታ ይፈርዳል። የኳስ ክርክር የዚያ የታናሽ ልጅ ይመስላል። ተከራካሪው ማስረጃ ማቅረብ አለበት፤ ነጥብ፣ ዓመተ ምሕረት፣ የግብ ልዩነት ሳይጠቅስ የተናገረ ይሳቅበታል። በ2012 ሁለቱ የማንቸስተር ክለቦች እኩል 89 ነጥብ ይዘው ሲጨርሱ ዋንጫው ለሲቲ የሆነው በግብ ልዩነት፣ 64 ለ 56 ብልጫ መሆኑን የማያውቅ ተከራካሪ በቱሉ ዲምቱ ሙግት አይቆምም። ማስረጃን መጠየቅ የለመደ ጆሮ በሌላም ጉዳይ ወሬን ያለ ማስረጃ እንዳይቀበል ተስፋ ይደረጋል።

ከሁሉ የሚበልጠው ጥቅም ግን ሽንፈትን መልመድ ነው። በገና ጨዋታ ጌታው በሎሌው ዱላ ቢነካ መቆጣት ነውር ነበር፤ የዚያ ቀን ሥርዓት ታላቁን ከታናሹ ጋር በሜዳ ያስተካክለዋል። በክርክሩም ጋሼ በወጣቱ ይረታል፤ ይሥቃል፤ ቡናውንም ይከፍላል። በሌላው ጉዳይ ሁሉ «ተሸነፍሁ» ማለት እንደ ሞት በሚቈጠርበት አገር፣ «ተሸነፍን፤ በሚቀጥለው እንገናኝ» ማለትን የሚያስተምር ነገር ቢገኝ ሊናቅ አይገባም።

ይሁን እንጂ ሁለት ነገሮች ይህን መልካም ነገር ያበላሹታል። የመጀመሪያው ውርርድ ነው። ውርርድ በአገሩ አዲስ ነገር አይደለም፤ የድሮ ተሟጋች በማር፣ በበቅሎ፣ በፈረስ ይወራረድ ነበር። ነገር ግን ያ ውርርድ በዳኛ ፊት፣ በዋስ፣ በራሱ ቃል እውነትነት ላይ ነበረ። ዛሬ በወረቀትና በስልክ የሚደረገው ውርርድ ከዚህ ይለያል። ወጣቱ በአምስት ወይም በስድስት ጨዋታ ላይ ገንዘቡን ያስይዛል፤ ከእነርሱም በአንዱ የገዛ ቡድኑ እንዲሸነፍ መመኘት የግድ ይሆንበታል። አፉ «እኛ» ሲል ኪሱ «እነርሱ» ይላል። እንዲህ ያለ ሰው ከቤቱ ባለቤት አይደለም፣ ተከራይም አይደለም፤ ቤቱን ያልኖረበት ደላላ ነው። ገንዘቡን ማጣቱ አንድ ጉዳት ነው፤ ከዚህ የሚከፋው ግን ከሰዎች ጋር የተካፈለውን አንድ ቃል መሸጡ ነው።

ሁለተኛው ነገር ከውርርድ ይልቅ ስውር ስለ ሆነ ይበልጥ ሊታሰብበት ይገባል። ሰው የለንደኑን ተከላካይ ስም፣ ዕድሜ፣ የጉልበቱን ሕመም ሳይቀር አውቆ፣ ከበሩ ፊት ለፊት ያለችው መበለት ስሟ ማን እንደ ሆነ ሳያውቅ ይኖራል። ስለ ተጫዋቹ ጉልበት አዝኖ፣ በሦስተኛው ፎቅ ያለው ሕመምተኛ እንዴት እንዳደረ አይጠይቅም። እዚህ ላይ «ፍቅር አያልቅም፤ ሩቁን የወደደ ቅርቡንም ይወዳል» ብሎ የሚመልስ ይኖራል። ፍቅር ባያልቅ ጊዜ ግን ያልቃል። የጨዋታው ዘጠና ደቂቃ፣ የክርክሩ ሁለት ሰዓት፣ የማታው የስልክ ወሬ ተደምሮ የእሑድን ቀን ይፈጃል። የዚህ ጉዳት ምልክቱ ቀላል ነው። ለሩቁ ክለብ «ተሸነፍን» የሚል ሰው በደረጃው ላይ «መብራት ጠፋብን፤ ሰው ሞተብን፤ ልጅ ታመመብን» በሚለው የጎረቤቶቹ «ብን» ውስጥ ራሱን ይጨምራልን?

ይህ ጥያቄ የቀድሞውን ሚዛን ያሟላዋል። ስለ ክለቡ «እኛ» ማለት የሚፈቀደው ኪራዩን ለከፈለ ነው ተብሏል። ነገር ግን የኀዘን ኪራይ የሚከፈለው ለክለቡ ነው፤ ክለቡ ደግሞ አይፈልገውም፤ አያውቀውምም። ያ ኀዘን፣ ያ ታማኝነት፣ ያ በሽንፈት ቀን አለመሸሽ በቱሉ ዲምቱ ባለ ሰው ላይ እንዲውል ካልሆነ፣ የትም ሳይደርስ ይቀራል። ስለዚህ የሩቁ «እኛ» ክፉ አይደለም፤ ሙሉም አይደለም። ልጅ ከማረሻው በፊት በእንጨት ማረሻ እንደሚጫወት፣ ሰውም በክለቡ ጉዳይ የወገንነትን ሥራ ይለማመዳል፦ ከተሸነፈ ጋር መቆምን፣ የሳተውን አለመክዳትን፣ ተቃዋሚውን ሳይጠሉ መሟገትን። ልምምዱ ግን ለእርሻው ነው። ሃያ ዓመት በእንጨት ማረሻ ተጫውቶ እርሻውን ያላየ ሰው ቢኖር፣ በእንጨቱ አይፈረድበትም፤ በሰውየው ይፈረድበታል።

እንግዲህ «አሸነፍን» የሚለው ግሥ ባለቤቱ ማን ነው? ባለቤቶቹ በሜዳው የሮጡት ናቸው፤ ይህን ክብር ማንም አይወስድባቸውም። በሽንፈት ቀን ያልሸሸው ደጋፊም በእውነተኛ ተከራይነት በግሡ ውስጥ ይኖራል፤ ስለዚህ አልዋሸም። በግብዣ ቀን ብቻ የሚመጣው፣ በውርርድ የሚሸጠው፣ በክለቡ ስም የዘር ቂም የሚሸሽገው ግን በዚያ ቤት የመኖር መብት የላቸውም። የቀረው ጥያቄ በሰዋስው የሚፈታ አይደለም፤ በቱሉ ዲምቱ በዕጣ የተገናኙት ጎረቤቶች ከግንቦት እስከ ነሐሴ፣ የሩቁ ሜዳ ጸጥ ባለበት ወራት፣ እርስ በርሳቸው የሚነጋገሩበትን ነገር ያጡ እንደ ሆነና እንዳልሆነ ያን ጊዜ ይታወቃል።